የአቶ ሰርኩላር ነጭ ሽንኩርት

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የተየብኩለት አለቃዬ ጡረታ ሲወጣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ቢሮ በበር ይመጣብኝ የነበረው ድምፅ አሁን በቆርቆሮ አጥሩ ላይ እየዘለለ ይመጣብኝ ጀመር።

ፊት ለፊት «አለቃ» እለዋለሁ፣ አንቱታዬንም አላጓድልም። ከኋላው ግን፣ እንደምትሰሙት፣ «እሱ» ነው የምለው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ የሚያውቀው «አቶ ሰርኩላር» በሚለው ስም ነበር። ስሙን በላቡ ያገኘው ነው። የመጸዳጃ ቤት ሳሙና ቶሎ ሲያልቅ ሰርኩላር ያወጣል። ሰው ኮሪደር ላይ ጮክ ብሎ ሲስቅ ሰርኩላር ያወጣል። አንድ ጊዜማ የሰርኩላር መብዛትን የሚከለክል ሰርኩላር አስጽፎኛል፣ ያውም በሦስት ቅጂ።

ጡረታ እንደወጣ ሦስት ሳምንት ያህል ሸሚዙን እየተኮሰ፣ ከረባቱን እያሰረ ሳሎን ተቀመጠ። የሚፈርመው ነገር አልመጣም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ከሳሎኑ መስኮት ሥር አድርጋ ከጠዋት እስከ ማታ ትረግጣለች። የሚያስተዳድረው ሲያጣ እሷን ሊያስተዳድር ተነሣ።

«የክር አጠቃቀምሽ ዕቅድ የለውም» አላት።

መቀሷን ሳታስቀምጥ ቀና ብላ አየችው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ወጣ።

ጓሮው ልብስ የሚሰጣበት ባዶ መሬት ነበር። ሰርኩላር በሳምንቱ ገመዱን አስነቅሎ አምስት መደብ አስቆፈረ፤ በየመደቡ ራስ ላይ «መደብ ሀ»፣ «መደብ ለ» የሚል ታፔላ ተከለ። ስልኩ ላይ የሆነ ሰው ስለ ኦርጋኒክ ነጭ ሽንኩርት ሲናገር ሰምቶ ልቡ ተሰርቆ ነበር። ማዳበሪያ የለ፣ ጸረ ተባይ የለ፣ ሁሉ በተፈጥሮ። «በኬሚካል ያደገ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት አይደለም፤ የነጭ ሽንኩርት ፎቶግራፍ ነው» ይለኝ ጀመር በአጥሩ ላይ፣ እኔ ሰሃን ሳጥብ። በማግስቱ የወጥ ቤታቸው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ጉዳዩ፦ የሳሙና ውኃ ወደ ጓሮ መድፋት ስለ መከልከሉ»። ሚስቱ አንብባ ስታበቃ ወረቀቱን ገልብጣ የቀሚስ ልክ ጻፈችበት።

አሁን አማቱን ማስተዋወቅ አለብኝ፤ ታሪኩ የእሳቸው ነውና።

እማማ ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ አራት ዓመታቸው ነው። ከዚያ በፊት አርባ ዓመት ያህል ነጭ ሽንኩርት ሲያለሙና ገበያ አውጥተው ሲሸጡ ኖረዋል። አምስት ልጅ ያሳደጉት በዚያ ነው። ሰርኩላር የለበሰው የሠርግ ልብስ እንኳ፣ ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ በነጭ ሽንኩርት የተገዛ ነው። እሱ ግን ሴትዮዋን የሚያውቃቸው በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ምን ሠርተው እንደኖሩ አንድ ቀን ጠይቋቸው አያውቅም። ከስልክ የተማረ ሰው ከአማቱ ምን ይማራል?

የተከላው ዕለት እኔም አጥሩ ጋ ቆሜ አይ ነበር። ሰርኩላር የነጭ ሽንኩርቱን ራስ ፈልፍሎ ፍንካቾቹን በሳህን ደረደረ፤ ከቢሮ ይዞት በመጣው ማስመሪያ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር እየለካ አንድ በአንድ ይተክላል። ሹሉን ወደ ታች፣ ደፍጣጣውን ወደ ላይ። ምስማር ግድግዳ የሚገባው በሹሉ አይደል? እሱም እንደዚያው አሰበ።

እማማ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ጭንቅላቱ እኮ…» ብለው ጀመሩ።

«እማማ፣ ፀሐዩ ይጎዳዎታል፣ ይግቡ» አላቸው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ገቡ። እሱም ምሳውን በልቶ ተኛ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መተኛት ከመሥሪያ ቤት ያመጣው ልማድ ነው፤ ያኔ በሩን ዘግቶ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አስብሎኝ ነበር የሚተኛው። ማንኮራፋቱ ሲሰማ እማማ ወጡ፤ ጎንበስ ብለው ከመደብ ሀ ጀመሩና እያንዳንዷን ፍንካች አውጥተው፣ ገልብጠው፣ መልሰው አፈሩን ጠቅጠቅ አደረጉ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው በአጥሩ ቀዳዳ።

«በጭንቅላቱ የቆመውን በእግሩ ላቁመው እንጂ» አሉኝ። «ነፍስ ያለው ነገር አይደል?»

ስድስት መቶ ፍንካች ነበር። ሁለት ቀን ፈጀባቸው።

ሚስቱን «ለምን አትነግሩትም?» ብዬ ጠየቅኳት። «ተዪው» አለችኝ፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባች። «ደስ ብሎታል። ከእኔ ስፌት ላይ ዓይኑን ካነሣልኝ ሽንኩርቱን እናቴ ታሳድገው።» እኔም ሳቅኩ። ሁላችንም ሳቅን። ዝም ማለታችን ያን ጊዜ ደግነት ይመስለን ነበር።

ነጭ ሽንኩርቱ በቀለ። ሰርኩላር ጠዋት ጠዋት ሻይውን ይዞ በመደቦቹ መካከል እየተመላለሰ ያነጋግረው ጀመር፤ ተክል ደግ ቃል ሲሰማ ያድጋል የሚል ነገር ሰምቷል። ደግ ቃል ግን አልለመደም። «መደብ ሐ፣ አፈጻጸማችሁ ከዕቅድ በታች ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከጓሮው ጥግ ደግሞ «ኮምፖስት» የሚለው ክምር አለ። የድንችና የሙዝ ልጣጭ በአሮጌ ጋዜጣ ሸፍኖ ተወው፤ ውኃ አላጠጣው፣ አላገላበጠው፤ እንደ ድሮ ፋይል ደርቆ ተቀመጠ። ሁለተኛው ወር ላይ ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት እማማ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ከተማ ስትወጪ ትንሽ ዩሪያ ታመጪልኛለሽ? ያቺን ነጭ ማዳበሪያ፣ ስኳር የምትመስለውን።»

«እማማ፣ እሱ ከሰማ ይሞታል እኮ።»

«ቅጠሉ እየራበው ዝም ብዬ ልየው?»

አመጣሁላቸው። አዎ፣ የገዛሁት እኔ ነኝ። እማማ ከልጃቸው የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ቁልፎቹን አራግፈው ማዳበሪያውን ገለበጡበት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፣ ማንኮራፋት ሲጀምር፣ ቁንጥር ቁንጥር እያደረጉ በማጠጫው ውስጥ አሟሙተው ያጠጡ ነበር። በሦስት ሳምንት ቅጠሉ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ተለወጠ። ሰርኩላር ተአምሩን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የሚሰማ ሰው ካገኘ ተፈጥሮ ይናገራል» አለኝ።

ምርቱ ሲደርስ አንዱ ራስ ጡጫ ያህላል። ሰርኩላር ወደ ገበያ አላወጣውም፤ «ገበያ ላይ ያለው ሕዝብ አይረዳውም» አለ። በስልኩ «ንጹሕ ራስ» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። ገበያ ላይ አንድ ኪሎ በሚገዛ ብር እሱ ሦስት ራስ ይሰጣል። ያውም ለሁሉ አይሰጥም፤ ገዢውን ሳሎን አስቀምጦ «ነጭ ሽንኩርትን ለምን ይፈልጉታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ካልጣመው «ተራ ይጠብቁ» ይላል። እያንዳንዱ ራስ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሚስቱ የስፌት ክር ታስሮ፣ ላዩ ላይ ወረቀት ይለጠፍበታል፦ «በእጅ የተተከለ፣ በፍቅር ያደገ፣ ኬሚካል በዓይኑ አይቶ የማያውቅ።» ወረቀቱን የተየብኩት እኔ፣ የምትጠቀልለው ሚስቱ፣ ያሳደጉት አማቱ፤ የሚመሰገነው እሱ። ልክ እንደ መሥሪያ ቤታችን።

ሰዉም እኮ! ሁለት ቤት አለፍ ብላ የምትኖር የጥርስ ሐኪም «ጉልበቴን ዓመት ሙሉ አሞኝ ነበር፣ ሦስት ራስ በልቼ ደረጃ ወጣሁ» ብላ ለግሩፑ ጻፈች። ጡረታ የወጣ አንድ ዳኛ ደግሞ ሽንኩርቱን በጥሬው እያኘከ ዓይኑን ጨፍኖ «አፈሩ ይሰማኛል» አለ። «ማዳበሪያ የነካውን ምላሴ ወዲያው ነው የሚያውቀው። ምላሴ ሠላሳ ዓመት ሐሰተኛ ምስክር የለየ ነው።» እማማ ይህን ሲሰሙ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ሰርኩላር ማኅተም አማረው። ዕድሜውን ሁሉ ማኅተም ሲያሳርፍ የኖረ ሰው ያለ ማኅተም ሽንኩርት እንዴት ይሸጣል? የተፈጥሮ ምርት አምራቾች ማኅበር ጓሮ አይቶ ምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ ሰማና አመለከተ። ማኅበሩ አንዲት የግብርና ባለሙያ ላከ። ቀጠሮው ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ሆነ። ሰርኩላር ደንበኞቹን በሙሉ ጠርቶ ወንበር አስደርድሮ ጠበቃት፤ ከረባቱንም አሰረ።

ባለሙያዋ ጫማዋ ጭቃ የጠገበ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። አንድ ቅጠል ቀነጠሰች፣ ወደ ፀሐይ አድርጋ አየችው።

«በጣም አረንጓዴ ነው። ናይትሮጅኑን ከየት ነው የሚያገኘው?»

«ከኮምፖስትና ከፍቅር» አለ ሰርኩላር። ደንበኞቹ አጨበጨቡ።

ወደ ክምሩ ሄዳ በዱላ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ የሁለት ዓመት ጋዜጣ ወጣ፤ ርዕሱ እንኳ አልደበዘዘም። ባለሙያዋ ጋዜጣውን ለአፍታ አነበበችና «እዚህ ጓሮ ላይ በየቀኑ የሚሠራው ማነው?» አለች።

«እኔው ብቻዬን።»

ይህን ሲል እማማ ማጠጫቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ሰዓቱ የእሳቸው ሰዓት ነበር፤ እሱ በዚያ ሰዓት ይተኛል እንጂ እንግዳ አይቀበልም። ስለ ጉብኝቱ የነገራቸው የለም። ሰዉን ሲያዩ ግራ ገባቸውና «ደህና ዋላችሁ ልጆቼ» ብለው ወደ መደብ ሀ አለፉ።

«እማማ፣ የሚያጠጡት ምንድን ነው?» አለቻቸው ባለሙያዋ።

«መድኃኒቱን ነዋ። ዛሬ ሳምንቱ ነው።»

«የቱን መድኃኒት?»

እማማ ማዳበሪያውን ከእሱ ቢሸሽጉም ሲጠይቋቸው መዋሸት አያውቁም፤ ሴትዮዋ መርማሪ መሆኗንስ ከየት ያውቃሉ? ማን ነግሯቸው? ከቀሚሳቸው ኪስ የቁልፍ ቆርቆሮዋን አውጥተው ከፈቱላት። ባለሙያዋ አንድ ቅንጣት በጣቷ አንስታ አየች። «ዩሪያ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለማስታወሻ ደብተሯ።

ሁሉም ሰርኩላርን አየ። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ያኔ «አላወቅኩም ነበር» ቢል ያበቃ ነበር፤ እውነቱም ያ ነበር። ግን «አላወቅኩም» የሚል ቃል በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዴም አስጽፎኝ አያውቅም።

«ይቅርታ አድርጉልን» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው። «አማቴ አርጅተዋል። አእምሯቸው… ይሄዳል ይመጣል። ያ ቆርቆሮ የልብስ ቁልፍ ነበረበት፤ ምን እንዳገኙ ምን እንደጨመሩበት እግዜር ይወቅ። ዛሬ ገና ነው ያየሁት።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ሚስቱ መስኮቱ ላይ ቆማለች።

ደንበኞቹ ተነፈሱ፤ መውጫ አገኙ። ዳኛው «ምስክርነታቸው ተቀባይነት የለውም» አለ። የጥርስ ሐኪሟ ደግሞ ተነሥታ እማማ ጆሮ አጠገብ ጎንበስ ብላ ጮኸች፦ «እማማ! ዛሬ! ቀኑ! ማን ነው?»

«ማክሰኞ» አሉ እማማ። «አትጩኺ፣ እሰማለሁ። ጉልበትሽስ እንዴት ነው? በመድኃኒቴ ዳነልሽ?»

እኔስ? እኔ እዚያው ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ማዳበሪያውን የገዛሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ስኖር እሱ ሲዋሽ ቀና ብዬ አላየሁም፤ የዚያን ቀንም አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አየሁ። እማማ ግን አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ቁጣ በሌለው ዓይን። ማጠጫውን መሬት አስቀምጠው ወደ ቤት ገቡ።

ምስክር ወረቀቱ አልተሰጠም። ደንበኞቹ ባለሙያዋ በማዳበሪያ ነጋዴዎች ተገዝታለች ብለው ወሰኑ፤ ያን ዕለት እንዲያውም ከወትሮው የበለጠ ገዙ።

ሚስቱ ማታ ራት አቅርባለት «አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። ይህን ራሷ ነው ያጫወተችኝ። «እናቴ አርጅታለች ብለሃል። ያረጀ ሰው ሥራ አይሠራም። ከዛሬ ጀምሮ ጓሮህን አትነካም። እኔም ወረቀት አልጠቀልልም። ክሬንም አትንካ።»

«ትንሽ ነገር ታጋንኛለሽ» አላት።

«ትንሽ ከሆነ ትንሹን ብቻህን ሥራው።»

እማማ በርጩማቸውን አንስተው ወደ ፊት ለፊት በር አዞሩት፤ ጀርባቸውን ለጓሮው ሰጡ። ሰርኩላር ሲያልፍ «ምን ይሻልዎታል እማማ?» ይላቸዋል። «እኔ ምን አውቄ» ይሉታል፣ በለስላሳ ድምፅ። «አእምሮዬ ይሄዳል ይመጣል።» ያ ድምፅ ከስድብ ይብስ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሰርኩላር ብቻውን ተከለ። ማስመሪያው ያው፣ ሹሉ ወደ ታች ያው። ጠዋትም ማታም ውኃ አጠጣ፤ ንግግሩንም አላጓደለም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። አንዳንዱ ጨርሶ አልወጣም፤ የወጣውም ቀጭንና ጠማማ ነው። ከመደብ ሐ የሚነሣው የብስባሽ ሽታ እኔ ቤት ድረስ ይመጣል። ግሩፑ ውስጥ ደንበኞቹ «መቼ ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። «ተፈጥሮ አትቸኩልም» ብሎ ይመልሳል።

አንድ እሑድ ጠዋት አላስችል ብሎት አንዱን ቆፍሮ አወጣው። እኔ ከሚስቱ የተዋስኩትን መቀስ ልመልስ ሄጄ እማማና ሚስቱ ቁርስ ላይ ናቸው፤ እሱ በሩን ከፍቶ ገባ፣ እጁ እስከ ክንዱ ጭቃ ነው። ያወጣውን ፍንካች ሾርባ ሳህን ላይ አድርጎ ጠረጴዛው መካከል አስቀመጠው። ቡቃያው ወደ ታች ሄዶ ሄዶ፣ እንደ መንጠቆ ታጥፎ፣ ወደ ላይ መንገድ ፍለጋ ዞሯል።

«በሽታ ነው» አለ። «ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ አላገኘሁትም።»

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በሽታ አይደለም። ዘቅዝቀህ ተክለኸው ነው።»

«የምን መዘቅዘቅ? ያለፉትን ሁለት ዓመታትም እንዲሁ ነው የተከልኩት!»

«አዎ። አንተ ስትተኛ እናቴ አንድ በአንድ ትገለብጠው ነበር። ሁለቱንም ዓመት።»

ሰርኩላር ወደ እማማ ዞረ። እማማ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ እያጠቀሱ ነበር።

«ስድስት መቶውን?» አለ።

«የመጀመሪያው ዓመት ስድስት መቶ» አሉ እማማ። «ሁለተኛው ዓመት ዘጠኝ መቶ ነበር። ወገቤን የያዘኝ ያኔ ነው።»

ቁጭ አለ። ከረባት አላሰረም፤ ያን ያየሁት ያኔ ነው። ጭቃ የነካውን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መንጠቆ የሆነውን ሽንኩርት ብቻ ያያል። ሊያለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ደግነቱ አላለቀሰም፣ እኔም መቀሱን ይዤ የምገባበት አጣሁ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ በመጨረሻ።

«እኔን ምን አደረግኸኝ?» አሉ። «እኔ አለማበዴን አውቃለሁ። አብዳለች ያልከው ለእነሱ ነው። ለእነሱ ንገራቸው።»

ማምሻውን አጥሬ ተንኳኳ። «ኮምፒውተርሽን ክፈቺ፣ አንድ ነገር ትጽፊልኛለሽ» አለኝ። ገባ፣ ከኋላዬ ቆመ፣ እጆቹን ከጀርባው አጣመረ፤ የድሮው ቢሮ መጣ ማለት ነው።

«ጻፊ። "በባለፈው ጉብኝት ወቅት በተፈጠረው የመረጃ ክፍተት ምክንያት…"»

«ምን ማለት ነው?»

«ማለት… "የተሰጠው መግለጫ መሬት ላይ ካለው ነባራዊ ሁኔታ ጋር ያልተጣጣመ መሆኑ…"»

እጄን ከፊደሎቹ ላይ አነሣሁ። «አለቃ፣ ዋሽቻለሁ ይበሉ።»

«እንዴት ተደርጎ! ይሁን፣ "ተዋሽቷል" በዪ።»

«ማን ዋሸ?»

ግድግዳዬን አየ። የቀን መቁጠሪያዬን አየ። «እኔ» አለ፣ ከጉሮሮው እሾህ እንደሚያወጣ።

እንዲያ ተጻፈ፦ «ነጭ ሽንኩርቱን ያሳደጉት አማቴ ናቸው። ማዳበሪያ ነበረበት። እኔ አላውቅም ነበር፤ ስለማላውቅም አማቴን አብደዋል ብዬ ዋሸሁ። እሳቸው ከሁላችንም ጤነኛ ናቸው።» ከሥሩ እኔም የራሴን ጨመርኩ፦ «ማዳበሪያውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ።» እሱ አነበበና «ይህ አያስፈልግም ነበር» አለኝ። «ለእርስዎ አይደለም የጻፍኩት» አልኩት፤ እንዲህ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

ግሩፑ ላይ ለጠፍነው። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ማንም አላመነም። ዳኛው «በጫና የተሰጠ የእምነት ቃል ዋጋ የለውም፣ ቤተሰቡ አስገድዶታል» ብሎ ጻፈ። የጥርስ ሐኪሟ «ጉልበቴ ድኗል፤ ጉልበቴ ይዋሻል?» አለች። አንዱ እንዲያውም «አዛውንቱም እንደ አማታቸው ጀመራቸው መሰለኝ፣ እግዜር ይማራቸው» አለ። ሰርኩላር በስድሳ ሁለት ዓመቱ አርጅተሃል ሲባል ፊቱን ማየት ነበረባችሁ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ከግሩፑ ወጥተው ሌላ ግሩፕ ከፈቱ፤ አሁን ከአንድ የባንክ ጡረተኛ «በጨረቃ ብርሃን የተለቀመ» ዝንጅብል ይገዛሉ አሉ። «ንጹሕ ራስ» ውስጥ የቀረነው ሁለት ሰዎች ነን፣ አለቃና ጸሐፊው።

እማማ ግን መልእክቱን ልጃቸው ስታነብላቸው ሁለት ጊዜ አስደገሟት። በማግስቱ በርጩማቸው ወደ ጓሮው ዞረ።

«የበሰበሰውን ንቀል» አሉት። «የተረፈውን ገልብጥ። አይ፣ በእጅህ እንጂ በማስመሪያ አይደለም።» ክምሩንም ውኃ አስጠጥተው በየሳምንቱ አስገላበጡት። በወሩ እንፋሎት ሲወጣው ደንግጦ ሮጦ ወደ አጥሩ መጣ፤ የተቃጠለ መስሎት። ባለ ጭቃ ጫማዋ ባለሙያም አንድ ቀን ተመልሳ መጣች፤ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እማማ። ዋግ ቅጠላቸውን ያልነካው በምን እንደሆነ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። እማማ ውኃ የሚጠጣው ጠዋት ሥሩ እንጂ ማታ ቅጠሉ አለመሆኑን ነገሯት፤ እሷም ደብተሯ ላይ ጻፈች። ስለ ዩሪያው ስታነሣ «ዘንድሮ እስቲ ያለሷ እንየው» አሏት። «ክምሩ ከነቃ ምን ታደርግልኛለች? ያኔም እኮ ራበው ብዬ ነው።»

ምርቱ ትንሽ ነበር፤ ከተተከለው ሲሶው። ራሱም ከዶሮ እንቁላል አይበልጥም። ጥላ ሥር አድርቀው፣ አጽድተው፣ ቅዳሜ ገበያ አወጡት። ሚስቱ ስፌቷን ለግማሽ ቀን ዘጋች፤ እኔም ዘንቢል ይዤ ተከተልኩ። ሰርኩላር መሬት ላይ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፎ ከአማቱ ጎን ቁጢጥ አለ። ወረቀት የለ፣ ክር የለ፤ ክምር ክምር ብቻ።

አንዲት ገዢ መጥታ አንዱን ራስ አንስታ ጨመቅ አደረገችው። «ማዳበሪያ አለው?»

ሰርኩላር አፉን ከፈተ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ያ የፎቶግራፉ ነገር ሊመጣ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ዘንድሮ የለውም» አለ። «አምና ነበረው።»

ሴትዮዋ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። «ትንንሽ ነው» አለችና ጥላን ሄደች፤ ከጎናችን ካለችው ነጋዴ ትልልቁን ገዛች። ሰርኩላር ከእውነት በኋላ ቢያንስ አንድ ኪሎ ይሸጣል ብሎ ጠብቆ ነበር መሰለኝ፣ ፊቱ ወደቀ።

«ተዋት» አሉ እማማ። «የዚያኛው እርጥብ ነው፤ ሳምንት አይቆይላትም።»

«እርጥብ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለ ሰርኩላር።

እማማ ዘወር ብለው ለአፍታ አዩት። ከዚያ አንዱን ራስ ከክምሩ አንስተው አንገቱን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና «እጅህን አምጣ» አሉት።